ለጓደኛዬ የላኩላት ጥቅስ

አባቷ ሆስፒታል የገቡ ዕለት ማታ አንድ ጥቅስ ላኩላት። ኤርምያስ 29፥11። “ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።” ከሥሩ የራሴን ጨመርኩ፦ “ይድናሉ። እግዚአብሔር ተናግሯል።”

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቷ አረፉ።

ሐዘኑ ትንሽ በረድ ሲል ተገናኘን። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ስልኳን አውጥታ መልእክቴን አሳየችኝና “ይሄ ቃል ግን መጀመሪያ ለማን ነው የተጻፈው?” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥቅሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ፈተና ለሚፈተን፣ ሥራ ላጣ፣ ለታመመ ስንት ጊዜ ልኬዋለሁ። ለማን እንደተጻፈ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር ቃል ነው ብለው ለሚያምኑ፣ ታሪኩን መመርመር ግን እምነታቸውን የሚነጥቃቸው ለሚመስላቸው ሰዎች ነው። እኔም እፈራ ነበር። ያለፍኩበትን ልንገራችሁ።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን ከቁጥር 1 ጀመርኩት። ለካ ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ሆኖ፣ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የላከው ደብዳቤ። ይዘውት የሄዱት ሰዎች ስም ሳይቀር ተጽፏል፤ ኤልዓሣና ገማርያ። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር የይሁዳን ንጉሥ፣ ሹማምንቱንና የእጅ ሙያተኞቹን ማርኮ የወሰደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ነው። ደብዳቤው የደረሰው ለእነሱ ነው። ቤታቸውንና ቤተ መቅደሳቸውን ትተው በማያውቁት ከተማ ቁጭ ላሉ ሰዎች።

ቁጥር 10 ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሰባ ዓመት ይላል። እግዚአብሔር የሚጎበኛቸው ከሰባ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት። ይህ ደብዳቤ ሲነበብለት ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት የሞላው ሰው አገሩን አያይም። ያን ቃል መጀመሪያ የሰሙት አብዛኞቹ አዋቂዎች እዚያው ባቢሎን ይሞታሉ። ደብዳቤውም አልደበቃቸውም። “ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ” ይላቸዋል። ትከሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ለማረካችሁ ከተማ ጸልዩ።

ወደ ኋላ ገለጥኩና ምዕራፍ 28ን አነበብኩ። እዚያ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኛው ሁሉ ይመለሳል አለ። ኤርምያስ አንገቱ ላይ ያደረገውን የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ሰው መስማት የናፈቀውን ነበር የተናገረው። ኤርምያስ ግን እግዚአብሔር አልላከህም፣ ሕዝቡንም በሐሰት እንዲታመን አድርገሃል አለው።

ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። ለጓደኛዬ የላኩት ጥቅስ የኤርምያስ ነበር። ከሥሩ የጨመርኩት ግን የሐናንያ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ታሪኩ አጭር ነበር። ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፤ ይሄኛው እንቅልፍ ነሳኝ። ቃሉ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ለምርኮኞች የተላከ ደብዳቤ ከሆነ፣ ለእኔ ምኔ ነው? ኤርምያስ ለገዛ ዘመኑ ሰዎች የጻፈው ከሆነ፣ እግዚአብሔር የቱ ጋ ነው የተናገረው? ታሪኩን ባወቅኩ ቁጥር እግዚአብሔር ከገጹ እየራቀ የሚሄድ መሰለኝ። ለብዙ ሳምንት መጽሐፉን ስከፍት የድሮው ደስታ አልነበረም።

ችግሩ የት እንደነበር የታየኝ ቆይቶ ነው። “በእግዚአብሔር መንፈስ የተጻፈ” ሲባል በአእምሮዬ የነበረው ሥዕል፣ አንድ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እጁ ብቻ ሲንቀሳቀስ ነው። ማንም እንዲህ ብሎ አላስተማረኝም። ዝም ብሎ አብሮኝ ያደገ ሥዕል ነው። በዚህ ሥዕል ጸሐፊው ብዕር ነው። ብዕር ዘመን የለውም፣ አይረሳም፣ አያዝንም። ስለዚህ ሰውየው ብቅ ባለ ቁጥር እግዚአብሔር የጎደለ ይመስለኝ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ሲያስተምሩ የሸመገሉ አንድ መምህር አሉ። ሄጄ ጭንቀቴን ዘረገፍኩላቸው። ረጅም ትምህርት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን “1ኛ ቆሮንቶስን ምዕራፍ 1 ከቁጥር 14 ጀምረህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ” አሉ።

አነበብኩ። ጳውሎስ ከቀርስጶስና ከጋይዮስ በቀር ከእናንተ ማንንም አላጠመቅሁም ብሎ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ከዚያ ትዝ ይለዋል፤ ለካ የእስጢፋኖስን ቤተ ሰዎችም አጥምቋል። ቀጥሎ ደግሞ፣ ሌላ አጥምቄ እንደ ሆነ አላውቅም ይላል።

“ማነው የረሳው?” አሉኝ።

“ጳውሎስ።”

“ደብዳቤውስ የማን ቃል ነው?”

ዝም አልኩ።

“መንፈስ ቅዱስ በጳውሎስ መርሳት አላፈረም። አንተ ምን ያሳፍርሃል?”

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዎቹን በየገጹ ማየት ጀመርኩ። ሉቃስ ወንጌሉን የሚከፍተው በራእይ አይደለም። ከእኔ በፊት ብዙዎች ጽፈዋል፣ እኔም ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከትዬ ልጽፍልህ ወደድሁ ይላል። መርምሯል፣ የዓይን ምስክሮች ያስተላለፉትን ሰብስቧል። ሮሜ መልእክት መጨረሻ ላይ ጤርጥዮስ የሚባል ሰው ብቅ ይልና፣ ይህን መልእክት የጻፍሁ እኔ ሰላም እላችኋለሁ ይላል። ጳውሎስ ሲናገር በእጁ የጻፈው እሱ ነው። በ2ኛ ጢሞቴዎስ ደግሞ ጳውሎስ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም በብራና የተጻፉትን እንዲያመጣለት ይለምናል። ይህ ሁሉ ከቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ማንም አልቆረጠውም።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ኤርምያስ 36 ነው። እግዚአብሔር ኤርምያስን ጻፍ ይለዋል። ኤርምያስ ይናገራል፣ ባሮክ በቀለም ይጽፋል። ጥቅልሉ ንጉሡ ኢዮአቄም ፊት ይነበባል። ወቅቱ ክረምት ነው፣ ፊቱ እሳት ይነድዳል። ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር ንጉሡ በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ይጥለዋል፤ እስኪያልቅ። ከዚያስ? ኤርምያስ ሌላ ጥቅልል ይወስዳል፣ ባሮክ እንደገና ይጽፋል። ምዕራፉ ሲዘጋ ያንኑ የሚመስል ብዙ ቃል ተጨመረበት ይላል። የእግዚአብሔር ቃል ቀለም፣ ጸሐፊ፣ ሁለተኛ ቅጂና ጭማሪ ያለበት ሆኖ አገኘሁት። መጽሐፉ ራሱ እንዴት እንደተጻፈ ሲነግረኝ እኔ ለምን ሌላ ታሪክ ፈጠርኩለት?

ከዚህ በኋላ ነው የታወቁትን ሁለት ጥቅሶች እንደ አዲስ ያነበብኳቸው። 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 ላይ “የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት” ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል ቴዎፕኔውስቶስ ነው። ቃል በቃል ሲታይ እግዚአብሔር የተነፈሰው ማለት ነው። ቃሉ ከማን እንደመጣ ይነግረናል፤ ብዕሩ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ግን አይተርክም። ወዲያው የሚሄደው ወደ ጥቅሙ ነው፤ ለትምህርት፣ ለተግሣጽ፣ ልብን ለማቅናት። ሁለተኛው 2ኛ ጴጥሮስ 1፥21 ነው። ሰዎች “በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው ተናገሩ” ይላል። ይሄው የግሪክ ግሥ የሐዋርያት ሥራ 27 ላይ ነፋስ ስለሚነዳት መርከብ ይነገራል። እዚያ መርከቧ ስትነዳ መርከበኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጭነት ይጥላሉ፣ መርከቧን በገመድ ያስራሉ። የሚወስዳቸው ግን ነፋሱ ነው። ምሳሌውን እስከ ጥግ መጎተት አልፈልግም። ለእኔ ግን የቆየ ቋጠሮ ፈታልኝ።

ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት ቃል አይጠቀሙም፤ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡ ወንጌላውያን መሪዎች ባወጡት መግለጫ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በመነሻ ጽሑፎቹ ስሕተት የለበትም ብለዋል። እነሱም ቢሆኑ እግዚአብሔር የጸሐፊዎቹን ጠባይና የአጻጻፍ ስልት እንደተጠቀመ አስፍረዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ቅዱሳን ጸሐፊዎቹ እውነተኛ ደራስያን እንደሆኑ፣ መጻሕፍቱም እግዚአብሔር ለመዳናችን የፈለገውን እውነት ያለ ስሕተት እንደሚያስተምሩ አስታወቀች። ኦርቶዶክሳውያን ቃሉን ከአባቶች ትርጓሜና ከቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነጥለው አያነቡም። ዮሐንስ አፈወርቅ እግዚአብሔር በቃሉ ወደ አቅማችን ዝቅ እንዳለልን ደጋግሞ ያስተምር ነበር። ካርል ባርትን የመሰሉ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ደግሞ መጽሐፉ የክርስቶስ ምስክር መሆኑን ያጎላሉ። የመጻሕፍቱ ቁጥር እንኳ ይለያያል፤ 66፣ 73፣ 81 እያልን እንቆጥራለን። እኔ የያዝኩት ይህን ነው፤ ቃሉ ሙሉ በሙሉ ከእግዚአብሔር ነው፣ ሰዎቹም የምር ጽፈውታል። ቃል ሥጋ ሆነ ብለን የምናምን ሰዎች፣ የተጻፈውም ቃል ቋንቋና አገር ቢኖረው ሊከብደን አይገባም።

ሁሉም ግን አልቀለለኝም። አንድ ቀን ማርቆስ 16 ላይ የግርጌ ማስታወሻ አየሁ። ከቁጥር 9 እስከ 20 ያለው ክፍል በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች የለም ይላል። ያን ማስታወሻ ስንት ዓመት ዘልዬው አልፌያለሁ! በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት ሁለቱ ታላላቅ የግሪክ ቅጂዎች፣ የሲና ቅጂና የቫቲካን ቅጂ የሚባሉት፣ ወንጌሉን ቁጥር 8 ላይ ይዘጋሉ። ሴቶቹ ፈርተው ሸሹ፤ አለቀ። በምንዝር የተያዘችው ሴት ታሪክም፣ ዮሐንስ 8 ላይ ያለው፣ በእነዚህ ቅጂዎች የለም።

ሌላ ደግሞ አለ። ማርቆስ 2፥26 ላይ ጌታ ኢየሱስ፣ ዳዊት የመሥዋዕቱን ኅብስት የበላው አብያታር ሊቀ ካህናት በነበረ ጊዜ ነው ይላል። 1ኛ ሳሙኤል 21ን ስትከፍቱ ግን ካህኑ አቢሜሌክ ነው፤ የአብያታር አባት። ማቴዎስና ሉቃስ ያንኑ ታሪክ ሲነግሩ ስሙን አያነሡም። አንዳንድ መምህራን “በአብያታር ዘመን” ማለት ነው ይላሉ። ሌሎች “ስለ አብያታር በሚናገረው ክፍል” ማለቱ ነው ይላሉ። ማርቆስ ስም ተሳስቶ ነው የሚሉም አማኞች አሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። ግን እምነቴን በዚህች ስም ላይ አልሰቀልኩም። ክርስቶስ ከሞት መነሣቱ በአብያታር ስም ላይ አይንጠለጠልም።

እዚህ ላይ ልመና አለኝ። አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ “አትመራመር፣ እመን ብቻ” አትበሉት። እኔ ብያለሁ። በምመራው የጥናት ቡድን ውስጥ አንድ ልጅ ስለ ወንጌሎቹ ልዩነት ሲጠይቀኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘጋሁት። የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ ልጁ ግን እምነት እንደጎደለው ተሰማው። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ፈልጌ አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ጥያቄው ኃጢአት አልነበረም።

ስለ ቅጂዎቹ ሳነብ ያልጠበቅኩትን ነገር አገኘሁ፤ እርጋታ። እ.ኤ.አ. በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ ኩምራን ዋሻ ውስጥ የኢሳይያስ ጥቅልል ተገኘ። ከሰባት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 66ቱንም ምዕራፎች ይዟል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈ ነው። ያኔ ሊቃውንቱ እጅ ከነበሩት ሙሉ የዕብራይስጥ ቅጂዎች በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። ሲያመሳክሩት ያው መጽሐፍ ነው። ልዩነቶች አሉ፤ አብዛኞቹ የፊደልና የሰዋስው ናቸው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ትርጉም ይነካሉ። አንድ ሺህ ዓመት በእጅ እየተገለበጠ!

የእኔው ኤርምያስ ግን ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ከዕብራይስጡ ከሰባት ወይም ከስምንት አንድ እጅ ያህል ያጥራል፤ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተልም ይለያል። እኔ ምዕራፍ 29 ብዬ የማውቀው እዚያ ምዕራፍ 36 ነው። ኩምራን ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት የሚመስሉ የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። የድሮው እኔ ቢሰማ ይደነግጥ ነበር። አሁን ግን ባሮክ ትዝ ይለኛል። “ብዙ ቃል ተጨመረበት” ብሎ መጽሐፉ አስቀድሞ ነግሮኛል።

ስለ ቁፋሮ ግኝቶችም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1993 እስራኤል ውስጥ ቴል ዳን በሚባል ቦታ “የዳዊት ቤት” የሚል ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ሲገኝ፣ በ1961 ቂሣርያ ላይ የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ሲወጣ ብዙዎቻችን “ተረጋገጠ!” አልን። እኔም ደስ ይለኛል። ድንጋዩ የሚመሰክረው ግን ሰዎቹ እንደነበሩ ነው። እግዚአብሔር ተናግሯል የሚለውን ድንጋይ ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ሌላ ድንጋይም ሊያፈርሰው አይችልም። ግኝት ላይ የቆመ እምነት ቀጣዩ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ይናወጣል።

አሁን እንዴት ነው የማነበው? አንድ ጥቅስ ልቤን ሲነካው መጀመሪያ ሙሉ ምዕራፉን አነባለሁ፣ ቢቻል መጽሐፉን በሙሉ። ከዚያ የጓደኛዬን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ ለማን ነው የተጻፈው? ምን ደርሶባቸው ነበር? መዝሙር ነው፣ ሕግ ነው፣ ምሳሌ ነው፣ ደብዳቤ ነው? ሁለት ሦስት ትርጉሞችን ጎን ለጎን አደርጋለሁ። የግርጌ ማስታወሻ አልዘልም።

ይሄ ቃሉን ያበርደዋል የሚል ካለ ሎዶቅያን እነግረዋለሁ። “ሀብታም ነኝና ባለ ጠጋ ሆኜአለሁ አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም” የምትለዋ ቤተ ክርስቲያን ከተማዋ ሎዶቅያ ናት፤ ራእይ 3። እ.ኤ.አ. በ60 ገደማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ከሮም እርዳታ ሳትቀበል በራሷ ሀብት እንደተሠራች የሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ጽፏል። አንድም አያስፈልገኝም ማለት ለነሱ ባዶ ጉራ አልነበረም፤ የታሪካቸው ኩራት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያ ተግሣጽ በረደብኝ? ይበልጥ አቃጠለኝ። የእኔም “አያስፈልገኝም” ከየት እንደመጣ አሳየኝ።

በተቃራኒው ያለውንም ጉድጓድ አይቼዋለሁ። ታሪካዊ ዳራ ማምለጫ ሊሆን ይችላል። “ይሄ ለዚያ ዘመን ነው” እያልኩ የማይመቸኝን ሁሉ ወደ ሙዚየም መላክ። ጠላታችሁን ውደዱ የሚለው ሲከብደኝ ዳራ ፍለጋ ከሮጥኩ፣ ዳራውን ሳይሆን መውጫ በር ነው የምፈልገው። የማይመቸኝን ጥቅስ ከሚመቸኝ በበለጠ ጥንቃቄ ለማንበብ እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም።

ያ የመጀመሪያ ጥያቄዬስ? ለምርኮኞች የተጻፈው ለእኔ ምኔ ነው? መልሱን ያገኘሁት ዳንኤል 9 ላይ ነው። ዳንኤል ባቢሎን ነው፣ ሸምግሏል። መጻሕፍትን ሲያነብ ኤርምያስ የተናገረውን ሰባ ዓመት ያገኛል። “አለቀልን፣ ልንመለስ ነው” ብሎ አልጨፈረም። ማቅ ለብሶ፣ ጾሞ፣ “በድለናል” እያለ ስለ ሕዝቡ ጸለየ። የቆየ ቃል ነው ብሎ አልተወውም፤ የራሱን ምኞትም አልለጠፈበትም። ቃሉ ለማን እንደተነገረ ያውቃል፣ ስለዚህ በእውነት ጸለየበት። እኔም እንዲህ ማንበብ ነው የምፈልገው።

ከወራት በኋላ ጓደኛዬን “ያን ምዕራፍ አብረን እናንብበው?” አልኳት። እሺ አለች። ከ28 ጀምረን አነበብን። ሐናንያ ጋ ስንደርስ ቀና ብዬ “ይሄ እኔ ነበርኩ። ይቅር በይኝ” አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ቁጥር 11 ላይ ትቆማለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልቆመችም። ወደ ቁጥር 5 ተመለሰችና “ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ” የሚለውን ሁለቴ አነበበችው። “አባቴ ከሞተ ወዲህ ክፍሉን አልከፈትኩትም” አለች። “ነገ እከፍተዋለሁ። አብረኸኝ ትመጣለህ?”